እንዳለ አዙርልኝ

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፤
ወፍራም ሰው ሲመጣ በጎን የሚገባ።
አንድ ቀን ረፋዱን ወይዘሮ አንጓች መጡ፤
ያዘሉትን ኮምፒውተር ከነጋቢው አውርደው ተቀመጡ።
«ማራገቢያው እየጮኸ ልጆች አላስጠና፤
ሌላው ባጃጁ ላይ፣ ያገለገለ ነው፣ ግን አላጣም ጤና።»
«ፋይሉን ልገልብጠው? ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጫንልዎ?» ስላቸው፣
ነካ አደረጉና ክዳኑን በጣታቸው፣
«አዲስ መች ጠየቅሁህ? እንዳለ አዙርልኝ፤
እሱ ካኖረበት አንዲትም ሳትነካብኝ።»

እሱ —
አቶ ዘርጋው ናቸው።
ቀን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሰሙትን ጉዳይ
ማታ ቤት፣ በሁለት ጣት፣ ሃያ ዓመት የጻፉ፤
የባላገር ብሶት በመስመር ያሰለፉ፤
አምና በነሐሴ ያረፉ።

ጎንደር ላይ ነገሥታት ያባታቸውን ግንብ ከነጓዳው ትተው
ሌላ ያንጹ ነበር፣ ከጎኑ ተጠግተው።
እኔም የማውቀው ሙያ ይኸው ነው፦ አሮጌን ትቶ አዲስ መትከል፤
ግንብን ከነጢሱ፣ ከነአይጡ ተሸክሞ መሄድ ማን ይችል?

ክዳኑን ከፈትሁት። አቧራው ተነጥፏል እንደ ሱፍ ምንጣፍ፤
ሁለት ፍሬ ሽንብራ — በየት ገባ? — ከማራገቢያው አፍ።
ዲስኩን አወጣሁት፣ መዳፍ የሚሞላ ብረት፤
ስንት ወሰን፣ ስንት ውርስ፣ ስንት ያልተከፈለ ደሞዝ፣ ስንት ፍቺ አለበት።

መገልበጥ ጀመርሁኝ። አንድ... አሥር... ሠላሳ...
ወይዘሮ አንጓች ቁጥሩን አብረው ይቆጥራሉ፣ ዓይናቸው ሳይነሣ።
ሰማንያ ሦስት ከመቶ ሲደርስ
መብራት ሄደ።
ፒያሳ በሙሉ ጀኔሬተር ሲቀሰቅስ፣
እኔ ስራገም፣ እሳቸው ቀስ ብለው፦
«ተወው፤ እሱም ሲሄድ እንዲሁ ነው፤
ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ።»

ከቀትር በኋላ እንደገና ከዜሮ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ።
ከሌላው ሳጥን ገጠምሁት፤ በራ፤ ደነገጠ፤ ወደቀ።
ሰማያዊ ገጽ።
ቤት የቀየረ ሰው በሌሊት ተነሥቶ
ማብሪያውን ድሮ በነበረበት ግድግዳ ሲዳብስ፣ አጥቶ፣
በገዛ ጫማው ተደናቅፎ እንደሚወድቅ፣ እንደዚያ።
የለመደው ቦርድ የለ፣ የለመደው ስክሪን፣ የለመደው መተላለፊያ።
ያሮጌውን ድራይቨር አንድ ባንድ አስረሳሁት፤
ያዲሱን ቤት በሮች አንድ ባንድ አሳየሁት።

በአራተኛው ተነሣ።
የሰቀሉት ፎቶ፦ ወይዘሮ አንጓች፣ ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ጠጉራቸው ጥቁር።
ፎልደሩም በቦታው፦ «ወሰን»፣ «ውርስ»፣ «ያልከፈሉ»፣
ከሁሉም በታች «ይቅር»።
ጥጉ ላይ አንድ ጽሑፍ፦ ዊንዶውሱ በዚህ ማሽን መብቱ እንዳልተረጋገጠ።
«ማመልከቻ ይጻፍ ነዋ!» ሣቁ፤ «ጸሐፊው ግን አመለጠ።»

ለሙከራ ብዬ ፕሪንተሬን ሰካሁ፤ የሳቸው ዓይነት ነው።
ከነሐሴ ጀምሮ ወረፋ የያዘ አንድ ገጽ ነበረ፤ ሳላዘው ወጣ፦
«አመልካች በአሥር ቀን ቤቱን ልቀቅ ተብዬ፣ ዕቃዬን ይዤ ወዴት»
ወዴት። ከዚያ በታች ወረቀቱ ነጣ።

ወይዘሮ አንጓች አነበቡት። ሁለት ጊዜ። አጥፈው ከመቀነታቸው ቋጠሩት።
«ባለጉዳዩን አውቀዋለሁ፤ አዘዞ ነው። ይኸኔ ለቆም ይሆናል።» ባጃጁን ጠሩት።

አዲሱን አዘሉት፣ በዚያው ጋቢ፤ ባጃጁ ወደ ቁልቁል አመራ።
ባዶው ሳጥን ቀረ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር፣
ከሁለት ፍሬ ሽንብራ ጋራ።